ትራምፕና ሃሪስ በሕገወጥ ስደት ላይ የተለያዩት የት ላይ ነበር?

በ2024 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሕገወጥ ስደት ከኑሮ ውድነት ጎን ለጎን መራጩን ያነጋገረ ጉዳይ ነበር። በዲሴምበር 2023 ብቻ ከሜክሲኮ ያለ ፈቃድ ሲሻገሩ የተያዙት ሰዎች ቁጥር ወደ 250 ሺህ ተጠግቶ ነበር። የቴክሳሱ አገረ ገዢ ግሬግ አቦት ስደተኞችን በአውቶቡስ እያሳፈሩ ወደ ሰሜን መላክ ሲጀምሩ፣ ከድንበሩ የራቁት ኒውዮርክና ቺካጎ ሳይቀሩ መጠለያ አጠራቸው።

ዶናልድ ትራምፕ ድንበሩን በተመለከተ ያቀረቡት ሐሳብ ከቀድሞው ብዙም አልተለየም። የግንቡ ሥራ ይቀጥላል፤ ጥገኝነት ጠያቂው ጉዳዩ እስኪታይ ሜክሲኮ ውስጥ ይጠብቃል፤ በእጅ ስልክ ቀጠሮ ይዞ በኬላ መግባትም ይቆማል። አቋማቸው የተቀየረው ካማላ ሃሪስ ናቸው። በ2019 ለዕጩነት ሲወዳደሩ ያለ ፈቃድ ድንበር መሻገር በወንጀል ሊያስከስስ አይገባም የሚለውን ሐሳብ ደግፈው ነበር። በ2024 ግን በካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነታቸው ድንበር ዘለል ወንጀለኞችን መክሰሳቸውን እያነሱ ጥብቅ ቁጥጥር እንደሚያስፈልግ ተከራከሩ።

ዋና ማስረጃቸው በ2024 መጀመሪያ ላይ የሁለቱ ፓርቲ ሴናተሮች ተደራድረው ያዘጋጁት ረቂቅ ሕግ ነበር። ረቂቁ ተጨማሪ የድንበር ጠባቂዎችና የጥገኝነት ጉዳይ መርማሪዎች እንዲቀጠሩ ይፈቅዳል፤ የሚያዙት ሰዎች ቁጥር በሳምንት ውስጥ በአማካይ በቀን 5 ሺህ ሲደርስም መንግሥት በኬላዎች መካከል ለሚሻገሩት ድንበሩን እንዲዘጋ ያስገድዳል። ከተደራዳሪዎቹ አንዱ ወግ አጥባቂው የኦክላሆማ ሴናተር ጄምስ ላንክፎርድ ነበሩ። ሆኖም ትራምፕ ፓርቲያቸው እንዲጥለው ወተወቱ፣ ረቂቁም በፌብሩዋሪ ወደቀ። ሃሪስ ይህንኑ አንስተው ተቀናቃኛቸው መፍትሔ ከማግኘት ይልቅ በችግሩ መወዳደር መረጡ ሲሉ ከሰሷቸው። ክሱ መሠረት ነበረው፤ ግን ሃሪስ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩበት የባይደን አስተዳደር ጥገኝነት መጠየቅን በአዋጅ የገደበው በጁን 2024፣ ለምርጫው አምስት ወር ሲቀረው ነውና ብዙ መራጭ «እስከዛሬ የት ነበራችሁ?» ማለቱ አልቀረም።

ድንበሩን በተመለከተ ሁለቱም ስለ መዝጋት ነበር የሚያወሩት። ልዩነታቸው የሰፋው አስቀድሞ ገብተው በሚኖሩት ላይ ነው። በወቅቱ በተለምዶ የሚጠቀሰው ግምት 11 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ ወረቀት ይኖራሉ የሚል ነበር። ትራምፕ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁን የማባረር ዘመቻ እንደሚያካሂዱ፣ ለዚህም የ1798ቱን የጠላት አገር ዜጎች ሕግ እንደሚጠቀሙ፣ ወረቀት ከሌላቸው ወላጆች የሚወለዱ ልጆችም በመወለዳቸው ብቻ ዜግነት እንዳያገኙ እንደሚያደርጉ ቃል ገቡ። ሃሪስ በበኩላቸው ለረጅም ጊዜ ለኖሩት፣ በተለይ በልጅነታቸው ለመጡት፣ የዜግነት መንገድ እንዲከፈት ፈለጉ። ይህን ግን ያለ ኮንግረስ ማድረግ አይቻልም፤ ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰዎች ሕጋዊ የሆኑበት የመጨረሻው ትልቅ ምሕረት የወጣው በሬገን ዘመን፣ በ1986 ነው። በ2013 ሴኔቱ ያጸደቀው ተመሳሳይ ሕግም በተወካዮች ምክር ቤት ሳይታይ ቀርቷል።

የማባረሩ ዕቅድም ቢሆን በንግግር እንደሚመስለው ቀላል አልነበረም። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች ከ3 ሚሊዮን በላይ መዝገቦች ተከማችተው ነበር። ሰውን ለመመለስ ማቆያ፣ አውሮፕላንና ተቀባይ አገር ያስፈልጋል። ከዚያም በላይ ያለ ወረቀት ከሚኖሩት ብዙዎቹ በቪዛ በአውሮፕላን ማረፊያ ገብተው ጊዜያቸው ያለፈባቸው ናቸውና ግንብ አያግዳቸውም።

በዘመቻው ንግግር ሕጋዊውና ሕገወጡ እየተቀላቀለ መሄዱም ሊታለፍ አይገባም። ትራምፕ በሴፕቴምበሩ የፊላደልፊያ ክርክር የቤት እንስሳ ይበላሉ ብለው የከሰሷቸው የስፕሪንግፊልድ ኦሃዮ ሃይቲያውያን አብዛኞቹ በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ነበሩ፤ የከተማዋ ባለሥልጣናትም ወሬውን የሚደግፍ ማስረጃ የለም ብለዋል። ብዙዎቹ ሃይቲያውያን የነበራቸው ቲፒኤስ የተባለው ጊዜያዊ ከለላ በኢትዮጵያ በነበረው ጦርነት ምክንያት ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ለኢትዮጵያውያንም ተሰጥቶ ነበር። ከለላውን የሚሰጠውም የሚያነሣውም አስተዳደሩ በመሆኑ፣ ፈቃድ ያለው ሰው በአንድ ውሳኔ ያለ ወረቀት ሊቀር ይችላል።

ትራምፕ አሸንፈው ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ሥልጣን በያዙበት ዕለት የስልክ ቀጠሮውን ዘጉ፤ በመወለድ የሚገኘውን ዜግነት የሚገድበውን ትእዛዝም ፈረሙ። ትእዛዙን በሦስተኛው ቀን የሲያትል ፌዴራል ዳኛ አገዱት።