የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመላቸው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የጉዳት ካሳ እንዴት ይሰላል?

በአሜሪካ ጦር አገልግሎ የተሰናበተና ልቡ በአገልግሎቱ ምክንያት የታመመ ሰው ‘ፔስሜከር’ የተሰኘው የልብ ምት መቆጣጠሪያ ሲገጠምለት፣ የጉዳቱ መጠን 100 በመቶ ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ውሳኔ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ከአንድ ወር በኋላ ቁጥሩ ወደ 10 በመቶ ሊወርድ ይችላል። መሣሪያው ከደረቱ አልወጣም። ታዲያ ምን ተለወጠ?

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ2025 (እ.አ.አ) ተመን መሠረት 100 በመቶ ጉዳት ያለበት፣ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ የሌለው የቀድሞ ወታደር በወር 3,831 ዶላር ገደማ ያገኝ ነበር። 10 በመቶ የተሰጠው ግን 175 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር የሚደርሰው።

መልሱ የአገሪቱ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሚሠራበት ደንብ ውስጥ ይገኛል። ደንቡ ካሳ የሚከፍለው ለመሣሪያው አይደለም፤ ልብ ከመሣሪያው ጋር ሆኖ መሥራት ላቃተው ሥራ ነው። የ100 በመቶው ጊዜ የማገገሚያ ጊዜ ነው። ቀድሞ ታካሚው ሆስፒታል ከገባበት ቀን አንስቶ ሁለት ወር ይታሰብ ነበር። ከኅዳር 2021 (እ.አ.አ) አጋማሽ ወዲህ ግን ከሆስፒታል ከወጣበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ብቻ ሆኗል። መሣሪያው ዳግም ሲተከልም ይኸው አንድ ወር እንደገና ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ዝቅተኛው ወለል 10 በመቶ ነው፤ ከዚህ በታች አይወርድም።

ከወለሉ በላይ ለመውጣት ወሳኙ መለኪያ ‘ሜት’ ይባላል። አንድ ሜት ሰውነት ባረፈበት ጊዜ የሚጠቀምበት የኦክስጅን መጠን ነው። ታካሚው ፍጥነቱ እየጨመረ በሚሄድ የመሮጫ ማሽን ላይ ይራመዳል፤ ትንፋሽ ማጠር፣ ድካም፣ የደረት ውጋት ወይም ማዞር የሚጀምርበት ነጥብም ይመዘገባል። ምልክቱ ከ7.1 እስከ 10 ሜት ባለው ጥረት ከታየ 10 በመቶ፣ ከ5.1 እስከ 7 ከሆነ 30፣ ከ3.1 እስከ 5 ከሆነ 60፣ በ3 ሜትና ከዚያ በታች ከሆነ 100 በመቶ ይሰጣል። ልቡ ከመጠን በላይ ዘገምተኛ ስለሆነ ፔስሜከር የተተከለለት ሰው የሚመዘነው በዚህ ነው። ከልብ የላይኛው ክፍል የሚነሳ ፈጣን ምት ያለበት ደግሞ በዓመት ስንት ጊዜ የሕክምና ርዳታ እንዳስፈለገው ይቆጠርለታል።

በጤናው ምክንያት ማሽን ላይ መውጣት የማይችል ታካሚ ሲያጋጥም ሐኪሙ በግምት እንዲሠራ ደንቡ ይፈቅዳል። ግምቱ ግን በተጨባጭ ምሳሌ መደገፍ አለበት፤ ደንቡ ራሱ ደረጃ ቀስ ብሎ መውጣትንና በረዶ በአካፋ መዛቅን ይጠቅሳል። “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ” ብሎ መመለስ ለለመደ ሰው ይህ ትልቅ ወጥመድ ነው። ለጨዋነት የተባለው ቃል በመዝገብ ላይ እንደ ጤንነት ማስረጃ ሊቀመጥ ይችላል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ለመድረስ ስንት ጊዜ ቆሞ እንደሚያርፍ የተናገረ ታካሚ ግን ለሐኪሙ የሚጻፍ ነገር ሰጥቶታል።

ከፔስሜከር ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው ሌላው መሣሪያ ዲፊብሪሌተር ነው። ይህኛው አደገኛ የልብ ምት ሲያጋጥም በኤሌክትሪክ ንዝረት ልብን ወደ መደበኛ ምቱ ይመልሳል። በደንቡ መሠረት ዲፊብሪሌተር በሰውነቱ ውስጥ ያለ የቀድሞ ወታደር 100 በመቶ ይሰጠዋል፤ የአንድ ወር ገደብም የለበትም። ሁለቱ መሣሪያዎች ከቆዳ ሥር ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በካሳ ረገድ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ስለዚህ የተተከለው የትኛው እንደሆነ የሚገልጸው የሆስፒታል ሰነድ ከማመልከቻው ጋር መያያዙ ቁልፍ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ሕመሙ ከውትድርና አገልግሎት ጋር መያያዙ ከተረጋገጠ ነው። ግንኙነቱ ቀጥተኛ ላይሆን ይችላል፤ በአገልግሎት ምክንያት የመጣ ሌላ ሕመም ልብን ከጎዳም ይቆጠራል። ለምሳሌ በቬትናም ጦርነት ‘ኤጀንት ኦሬንጅ’ ለተባለው ኬሚካል ለተጋለጡ ወታደሮች የልብ ደም ሥር መጥበብ ከአገልግሎቱ እንደመጣ አስቀድሞ ይገመታል፤ በነሐሴ 2022 (እ.አ.አ) የጸደቀው ሕግ ደግሞ የደም ግፊትን ጨምሯል። ማስረጃው ለሁለቱም ወገን እኩል ሲሆን ጥርጣሬው ለአመልካቹ ይተረጎማል። በውሳኔው ያልተስማማ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል።

ጉዳዩ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ይመለከታል። የአሜሪካ ጦር በ2009 (እ.አ.አ) ልዩ የቋንቋ ችሎታ ያላቸውን የውጭ ዜጎች ለመመልመል በከፈተው መርሐ ግብር ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ካሳው ወታደሩ ከአሜሪካ ውጭ ቢኖርም ይከፈላል። ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ናይሮቢ ጠቅልሎ ለገባ ሰው ከመቶኛው ይልቅ ክብደት ያለው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ የሚያካሂደው የሕክምና ፕሮግራም ወጪ የሚሸፍነው ከአገልግሎት ጋር ለተያያዙ ሕመሞች ነው። የልብ ሕመሙ በዚያ መዝገብ ላይ የሰፈረለት ሰው፣ 10 በመቶ ብቻ ቢሰጠውም፣ የፔስሜከሩ ባትሪ ሲያልቅ የሚያስፈልገውን ሕክምና ወጪ በዚሁ ፕሮግራም በኩል መጠየቅ ይችላል።