ከሥጋው ዋጋ እስከ እንቁላሉ ይቅርታ

እ.ኤ.አ. በጁን 1962 የሶቭየት ኅብረት መንግሥት የሥጋን ዋጋ 30 በመቶ፣ የቅቤን ደግሞ 25 በመቶ ገደማ ጨመረ። በደቡብ ሩሲያ የኖቮቼርካስክ ሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ሠራተኞች በዚያው ሰሞን ገቢያቸው ተቀንሶባቸው ነበር። «ምን በልተን እንደር?» ሲሉ፣ ሥራ አስኪያጁ «ሥጋ ካጣችሁ በጉበት የተሞላ ፒሮዥኪ ብሉ» አላቸው ይባላል። ፒሮዥኪ በየመንገዱ የሚሸጥ ርካሽ ጥብስ ሊጥ ነው። በማግስቱ ሠራተኛው አደባባይ ወጣ፤ ወታደሩም ተኮሰ። 26 ሰዎች ሞቱ፤ አስከሬናቸው ሩቅ በሚገኙ መካነ መቃብሮች በድብቅ ተቀበረ። በኋላም 7 ሰዎች በሞት ተቀጡ።

በ1992 ግን የሩሲያ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ 26 እጥፍ ገደማ ናረ። ጡረተኛው የዕድሜ ልክ ቁጠባው ቀለጠበት። ነገር ግን ሁለተኛ ኖቮቼርካስክ አልታየም። ለምን?

ከ1962 በኋላ የክሬምሊን ሰዎች የዳቦና የሥጋ መሸጫ ዋጋን እስከ ኤፕሪል 1991 ድረስ ለመንካት ፈሩ። ዳቦ ከእህል በላይ ረክሶ ገበሬው ከሱቅ እየገዛ ለአሳማ ያበላው ነበር። ጉድለቱ የሚሸፈነው በነዳጅ ገንዘብ ነበር፤ ስንዴው ከአሜሪካና ከካናዳ ይገዛ ነበር። በ1986 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ግን የውጭ ምንዛሬው ነጠፈ። በ1990 መጨረሻ ሌኒንግራድ በራሽን ካርድ ትመገብ ጀመር። የቀበሌ ሱቅ ወረፋ ላይ የቆመ አንባቢ የቀረውን ያውቀዋል።

ጃንዋሪ 2 ቀን 1992 የሩሲያው ፕሬዚዳንት የየልሲን መንግሥት አብዛኛውን ዋጋ ለቀቀው። ሱቁ ሞላ፤ ኪሱ ባዶ ሆነ። ዋጋውን የጨመረው አሁን ማነው? ነጋዴው ነው? አስመጪው? መንገድ ዳር የቆመችው ሴትዮ? በ1962 ቁጣው የሚያርፍበት አድራሻ ነበረው፤ በ1992 ተበተነ።

ሁለተኛው ምክንያት ድንች ነው። የከተማው ሠራተኛ ከሶቭየት ዘመን ጀምሮ ከከተማ ወጣ ብሎ 600 ካሬ ሜትር ቁራሽ መሬት ይሰጠው ነበር። በሜይ በዓላት መሐንዲሱም መምህሯም ዶማና ባልዲ ይዘው፣ የዘር ድንች ተሸክመው ባቡር ይሞላሉ። በመኸር ደግሞ በጨው የተዘፈዘፈ ኪያር የያዘ ማሰሮ ከአልጋ ሥር እስከ በረንዳ ይደረደራል። በ1990ዎቹ መገባደጃ ከአገሪቱ ድንች 90 በመቶ ገደማ የሚመረተው በቤተሰብ ጓሮ ነበር። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን ኋላ ቀርነት ይሉታል፤ እኔ ግን የሩሲያን መንግሥት በዚያ ክፉ ጊዜ ያቆመው ከማንኛውም ሚኒስትር ይልቅ ያ ቁራሽ መሬት ይመስለኛል።

ቁጣው ግን አልጠፋም፤ ወደ ምርጫ ኮሮጆ ሄደ። በዲሴምበር 1993 የፓርላማ ምርጫ፣ በፓርቲዎች ድምፅ የዢሪኖቭስኪ ብሔርተኛ ፓርቲ 23 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ሕዝቡ ዋጋ የሚይዝለት ሰው ይፈልግ ነበር።

በኋላ የመጡት መሪዎች ይህን አልዘነጉትም። በጃንዋሪ 2010 ፕሬዚዳንት ሜድቬዴቭ የፈረሙት የምግብ ዋስትና ዶክትሪን ከእህሉና ከድንቹ ቢያንስ 95 በመቶው የአገር ውስጥ እንዲሆን ያዝ ነበር። የዚያው ዓመት በጋ ድርቅና ሰደድ እሳት ማሳውን ሲበላው ኦገስት 15 ላይ የእህል ኤክስፖርት ታገደ። ዋነኛዋ ገዢ ግብፅ ሌላ ሻጭ ፍለጋ ገባች። ከወራት በኋላ የካይሮ አደባባይ ሰልፈኞች መፈክር «ዳቦ» በሚል ቃል ይጀምር ነበር። አመፁን የወለደው ክሬምሊን ነው ማለት ማጋነን ነው፤ የሞስኮን ገበታ ማረጋጋት ግን ጭንቁን ወደ ሌላ ገበታ እንደሚያሻግር አሳይቷል።

ዋጋ የሚይዝ መሪ ግን አድራሻውንም መልሶ ያገኛል። በ2023 የእንቁላል ዋጋ ከ40 በመቶ በላይ ጨመረ። በዲሴምበር ፑቲን በቀጥታ የቴሌቪዥን ሥርጭት ላይ አንዲት ጡረተኛ ስለ እንቁላሉ ስትጠይቃቸው፣ ይህ የመንግሥት ሥራ ጉድለት ነው ብለው ይቅርታ ጠየቁ። በጦርነት መሃል ያለ መሪ በእንቁላል ይቅርታ ሲል ያስገርማል፤ የ1962ን ለሚያውቅ ግን እምብዛም አይደለም። ወዲያው 1.2 ቢሊዮን እንቁላል ያለ ቀረጥ እንዲገባ ተፈቀደ፤ ከአዘርባጃንና ከቱርክም ይመጣ ጀመር። ፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ሊደርስ የቀረው ሦስት ወር ነበር።