ጥቁር አንበሳ፦ የቀዶ ሐኪሞች ማፍሪያ

ሌሊቱን ዱቲ ያደሩት ሬዚደንቶች፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች፣ ጠዋት መምህሮቻቸው ፊት ይቆማሉ። ማን ገባ? በምን ሕመም? መቼ ታየ? ቀዶ ጥገና ክፍል የገባው ስንት ሰዓት ነው? ለምን ዘገየ? በማስተማሪያ ሆስፒታሎች «ሞርኒንግ» የሚባለው ይህ ስብሰባ ለጀማሪ ሐኪም ከፈተና አይተናነስም። አንጀቱ ተጠማዝዞ ከገጠር የመጣ ገበሬ፣ በመኪና አደጋ ሆዱ የተጎዳ ወጣት፣ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ የደረሰች ተማሪ፤ የእያንዳንዳቸው ጉዳይ ይነሳል፣ የተሰጠው ውሳኔ ይመረመራል። ቀዶ ሐኪምነት የሚጀምረው እዚህ ነው፤ መቼ መቅደድ እንዳለበትና መቼ እንደሌለበት ያላወቀ ሐኪም እጁ ቢፈጥን ለበሽተኛው ምን ይጠቅመዋል?

በኢትዮጵያ የዚህ ሥልጠና ዋና ቤት ሆኖ የቆየው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ፋኩልቲ የተመሠረተው በ1964 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያ ዘመን በቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ነበረበት። ለምሳሌ ቀዶ ሐኪሙ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስኮትላንድ ውስጥ ኤድንብራ ተምረው ነው የተመለሱት። ፋኩልቲው እንዲቋቋም ከደከሙት አንዱ ናቸው፤ በኋላም በዲንነት መርተውታል። በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ የስፔሻሊቲ ሥልጠና በአገር ውስጥ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ከሚያክመው ሕዝብ ሳይለይ ቀዶ ሐኪም መሆን ቻለ።

መንገዱ ረጅም ነው። ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ የተመረቀ ሰው አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ወስዶ፣ በውጤቱና በምርጫው መሠረት ከሆስፒታልና ከትምህርት ዘርፍ ጋር ይደለደላል። ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና የሚማር ሬዚደንት አራት ዓመት ያህል ይቆያል፤ እንደ ነርቭ ቀዶ ሕክምና ያለው ከዚህም ይረዝማል። የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው የዋርድና የድንገተኛ ክፍል ሥራ ነው፦ በሽተኛ መቀበል፣ ቁስል ማየት፣ ደም ማፈላለግ፣ በቀዶ ጥገና ላይ ቁስሉን ከፍቶ መያዝ። ቀጥሎ ቡአና ትርፍ አንጀት ይመጣል፤ ከዚያ እንቅርት፣ ሐሞት ከረጢት፣ አንጀት ቆርጦ መቀጠል። መጨረሻ ላይ ታላቁ ሬዚደንት ሌሊት የገባውን ከባድ ጉዳይ እየመራ ታናናሾቹን ያስተምራል፤ ሲኒየሩ መምህር ግን አጠገቡ ነው፣ ወይም ስልክ ሲደወልለት ይመጣል።

ኃላፊነትን ደረጃ በደረጃ የማሸጋገሩን ሥርዓት መልክ ያስያዘው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. በባልቲሞር በተከፈተው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የዘረጋው ሥልጠና ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሬዚደንሲ መሠረት ነው።

ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ማዶ የሚቆመው መምህር ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት ማሚቱ ጋሼን ማስታወስ ይበቃል። በወሊድ ጊዜ ለደረሰባት ፊስቱላ የታከመችው ይህች የገጠር ሴት የፊስቱላ ቀዶ ሐኪሞቹ የዶክተር ሬጂናልድና የዶክተር ካትሪን ሃምሊን ረዳት ሆነች። ሕክምና ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። እነሱ እየቀደዱ አሳዩአት፣ እሷ እየቀደደች አዩአት፤ የተዋጣላት የፊስቱላ ቀዶ ሐኪምም ወጣት። በ1989 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሮያል ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ከተሸላሚዎቹ አንዷ እሷ ነበረች።

ከጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሌላ ልዩ ዘርፍ የሚማሩበት በርም ባለፉት ሃያ ዓመታት ሰፍቷል። በጥቁር አንበሳ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የተጀመረው በ2006 እ.ኤ.አ. ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። የዚህ ትብብር ትልቁ ብልሃት ሬዚደንቱን ወደ ኖርዌይ አሻግሮ በማስቀረት ፋንታ መምህራኑ ወደ አዲስ አበባ እየመጡ ማስተማራቸው ነበር። ወጣቱ የሚማረው ወደፊት በሚያክማቸው በሽተኞች፣ ወደፊት በሚያገኘው መሣሪያ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ደም ሲጠበቅ ምን እንደሚደረግም እዚያው ይማራል። የሚሻለው መንገድ ይህ ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም በ2015 እ.ኤ.አ. ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ከፍቷል።

ለሥልጠናው መዲናይቱ ብቸኛ አማራጭ አይደለችም። ጎንደር፣ ጅማ፣ መቐለና ሐዋሳ ሬዚደንት ይቀበላሉ። ሌላው መንገድ የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡባዊ አፍሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን አንድ ዓይነት ፈተና ለብዙ አገሮች ይሰጣል።

ጭንቁ ከምረቃ በኋላ ይመጣል። ብዙ ሬዚደንት ስፖንሰር ያደረገው ክልል ወይም ዩኒቨርሲቲ አለው፤ ሲጨርስ ተመልሶ ማገልገል ግዴታው ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የላንሴት የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን ሪፖርት ለ100,000 ሰው ቢያንስ 20 የቀዶ ሕክምና፣ የማደንዘዣና የማህፀን ስፔሻሊስቶች እንዲኖሩ ግብ አስቀምጧል። ኢትዮጵያ ከዚህ በጣም ሩቅ ናት፤ ለዚህም ነው በ2009 እ.ኤ.አ. ገደማ ጤና መኮንኖችን ለድንገተኛ ቀዶ ጥገና ማሠልጠን የጀመረችው። ነገር ግን ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ፣ ደም ባንክና የሚሠራ የማምከኛ መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታል የተመደበ ስፔሻሊስት ምን ሊያደርግ ይችላል? የተማረውን እየረሳ፣ በሽተኛውን ሪፈር እየጻፈ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ጥቂት ቆይቶም ራሱ ይከተላል።

የክልል ጤና ቢሮዎች ቀዶ ሐኪም ከመመደባቸው በፊት የማደንዘዣ ባለሙያውን አብረው ይመድቡ። ማመልከቻ የሚሞላ ወጣት ሐኪምም የሆስፒታሉን ስም ከማየቱ በፊት እዚያ ያሉ ሬዚደንቶችን ይጠይቅ፦ በዓመት ስንት ቀዶ ጥገና በራስ እጅ ይሠራል? ሌሊት ሲደወልለት የሚመጣ ሲኒየር አለ ወይ?