አንዲት ጠብታ ደም ምን ትመሰክራለች?

በቈላ አገር ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ ጤና ኬላ በሄደ ጊዜ፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣቱን ወጋ አድርጋ አንዲት ጠብታ ደም ትወስዳለች። ደሙን በአንዲት ጠፍጣፋ መመርመሪያ ላይ ታኖርና ጥቂት ፈሳሽ ጨምራ ሩብ ሰዓት ያህል ትጠብቃለች። ከመቈጣጠሪያው መሥመር ጐን ሌላ መሥመር ብቅ ያለ እንደ ሆነ «ወባ ነው» ብላ መድኀኒቱን ትሰጣለች። ይህን ብዙዎቻችን አይተነዋል፤ ያች መሥመር ከየት እንደ መጣች የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። መመርመሪያዋ ያገኘችው የወባን ተውሳክ ራሱን አይደለም፤ ተውሳኩ በደም ውስጥ የሚለቀውን ፕሮቲን ነው። ሌባው ባይያዝም ዱካው ተገኝቷል ማለት ነው።

የዓለም ጠበብት ይህንኑ ሐሳብ በካንሰር ላይ ሊያውሉት ከስድሳ ዓመት በላይ ሲደክሙ ኖረዋል። ካንሰር ገና ሳያብጥና ሳያሳምም በጥቂት ደም ውስጥ ዱካውን ማግኘት ቢቻል ምንኛ መልካም ነበር! ከዘመዱ ወይም ከጎረቤቱ አንዱን በዚህ በሽታ ያላጣ ሰው ጥቂት ነውና ምኞቱ የሁላችንም ነው። ታዲያ ነገሩ ከምን ደረሰ? በምርመራው ወረቀት ላይ የሚጻፈውስ ቍጥር ምን ያህል ሊታመን ይገባዋል? የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ይመለከታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ከዐሥር ሚሊዮን አንዱን መፈለግ

በመጀመሪያ የሥራውን ክብደት እንመልከት። በደማችን ፈሳሽ ውስጥ ከሁሉ በዝቶ የሚገኘው ፕሮቲን አልቡሚን የሚባለው ሲሆን፥ መጠኑ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ሚሊግራም ያህል ነው። ከወንዶች የፕሮስቴት ዕጢ ለሚወጣውና ፒ ኤስ ኤ ለሚባለው ፕሮቲን ግን፥ ሐኪሞች ለብዙ ጊዜ እንደ ወሰን የያዙት መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር 4 ናኖግራም ነው። ናኖግራም ማለት አንድ ግራም ከሺሕ ሚሊዮን ቦታ ሲከፈል አንዱ ክፍል ነው። እንግዲህ የሁለቱ ክብደት ሲነጻጸር ዐሥር ሚሊዮን ለአንድ ይሆናል። በዐሥር ሚሊዮን ብር ሒሳብ ውስጥ የጐደለችውን አንዲት ብር ፈልግ የተባለ የሒሳብ ሠራተኛ ጭንቀቱ ምን ያህል እንደሚሆን፥ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ይህን መንገድ የከፈቱት በኒው ዮርክ ከተማ፥ በብሮንክስ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሮዛሊን ያሎውና ዶክተር ሰሎሞን በርሰን ናቸው። ያሎው ፊዚክስ የተማሩ ሴት ሲሆኑ፥ የመጀመሪያ ላቦራቶሪያቸው ቀድሞ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ጠባብ ክፍል ነበር። ጥናታቸውም ስለ ካንሰር ሳይሆን ስለ ስኳር በሽታ ነበር። ኢንሱሊን በመርፌ የሚወስዱ ሕሙማን ሰውነት ያንን ኢንሱሊን የሚይዝ ፀረ አካል እንደሚያበጅ ደረሱበት። ፀረ አካል ማለት ከብዙ ሺሕ ዓይነት ፕሮቲን መካከል የራሱን ብቻ ለይቶ የሚይዝ የሰውነት ዘበኛ ነው። የጊዜው ሊቃውንት ግን ነገሩን በቀላሉ አላመኑም። አንድ መጽሔት ጽሑፋቸውን መለሰባቸው፤ ሌላውም በ1956 ያተመላቸው ስለ ፀረ አካል የሚናገረውን ቃል ከአርእስቱ ካወጡ በኋላ ነበር።

እነርሱ ግን ተስፋ ሳይቈርጡ ያንን ዘበኛ ወደ ሚዛንነት ለወጡት። ዘዴው እንዲህ ነው። በጨረር ምልክት የተደረገበት ኢንሱሊን ከሕመምተኛው ደም ጋራ ሲቀላቀል፥ ሁለቱ በጥቂቱ ፀረ አካል ላይ ቦታ ይሻማሉ። በደሙ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ብዙ ከሆነ ምልክት ያለበት ቦታ ያጣል፤ ጥቂት ከሆነ ግን ምልክት ያለበት ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ ጨረሩን በመቍጠር የማይታየውን መጠን ማወቅ ተቻለ። ዘዴያቸውን በ1959 እና በ1960 ለዓለም ገለጡ፤ የባለቤትነት መብት አስመዝግበው ለመበልጸግም አልፈለጉም። በርሰን በ1972 ስለ ሞቱ፥ በ1977 የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉት ያሎው ናቸው። በ1971 ደግሞ በስዊድን አገር ኤቫ ኢንግቫልና ፒተር ፐርልማን በጨረሩ ፈንታ ቀለም የሚያወጣ ኤንዛይም ተክተው ሥራውን አቀለሉት። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚደረገው የፕሮቲን ምርመራ የዚህ ሁሉ ልጅ ነው።

ምስክሩ ሲሳሳት

ሚዛኑ ከተገኘ ዘንድ የካንሰርን ዱካ ፍለጋው ተፋፋመ። በ1963 በሞስኮ ጋሪ አቤሌቭና ባልደረቦቻቸው ፅንስ የሚሠራውን አንድ ፕሮቲን የጕበት ዕጢ ባለባቸው አይጦች ደም ውስጥ አገኙት። በ1965 በካናዳ፥ በሞንትሪያል ከተማ ፊል ጎልድና ሳሙኤል ፍሪድማን ሲ ኢ ኤ የተባለውን ፕሮቲን ከአንጀት ካንሰር ለዩ። በ1981 ደግሞ ሮበርት ባስትና ባልደረቦቻቸው ለእንቍላል ዕጢ ካንሰር ምልክት የሚሆነውን ሲ ኤ 125 የሚይዝ ፀረ አካል ማግኘታቸውን አስታወቁ።

ነገር ግን እዚህ ላይ ካንሰር ከወባ የሚለይበት ትልቅ ነገር አለ። የወባ ተውሳክ ባዕድ ነው፤ ፕሮቲኑም በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የለም። ካንሰር ግን ከገዛ ሥጋችን የወጣ ዐመፀኛ ነው። የሚለቃቸው ፕሮቲኖች ጤነኛው ሰውነታችንም በልክ የሚሠራቸው ናቸው። ስለዚህ ፒ ኤስ ኤ የፕሮስቴት ዕጢ በእርጅና ሲተልቅ ወይም ሲቈስልም ይጨምራል። ሲ ኢ ኤ ሲጋራ በሚያጨሱ ሰዎች ደም ውስጥ ከፍ ይላል። የፅንሱ ፕሮቲን በእርግዝናና በጕበት ብግነት፥ ሲ ኤ 125 ደግሞ በወር አበባና በእርግዝና ጊዜ ከፍ ሊል ይችላል። በሌላ በኩል ካንሰሩ እያለ ቍጥሩ የማይጨምርበት ጊዜም አለ። ምስክሩ ንጹሑን ሲከስ፥ ጥፋተኛውን ሲያስመልጥ ይገኛል ማለት ነው።

የኋለኛው ስሕተት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አንዳንድ የወባ ተውሳኮች መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘር ጥለው ተገኝተዋል፤ በ2021 የታተመ ጥናትም እንዲህ ያሉ ተውሳኮች በኢትዮጵያ የድንበር አውራጃዎች መኖራቸውን አሳይቷል። በሽተኛው ወባ አለበት፤ መሥመሯ ግን አትወጣም።

የፊተኛውን ስሕተት ክብደት ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ለምሳሌ ያህል ከ10,000 ሰዎች መካከል 40ዎቹ ሳያውቁት ካንሰር አለባቸው እንበል። ምርመራው ከመቶ በሽተኞች 90ውን የሚያገኝ፥ ከመቶ ጤነኞች ደግሞ 5ቱን ብቻ በስሕተት የሚከስ ነው ብለን እናስብ። ይህን የሰማ ሁሉ «እጅግ መልካም ምርመራ ነው» ሊል ይችላል። ከ40ዎቹ በሽተኞች 36ቱ ይገኛሉ። ከ9,960ዎቹ ጤነኞች ግን 498ቱ በሽተኞች ሊሆኑ ይችላሉ ተብለው ይጠራሉ። በጠቅላላው 534 ሰዎች አስደንጋጭ ወረቀት ይዘው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፥ በእውነት ካንሰር ያለባቸው ከዐሥራ አምስቱ አንዱ ያህል ናቸው። የቀሩት እንቅልፍ አጥተው ይሰነብታሉ፤ አንዳንዶቹም ለማጣራት ሲባል በመርፌ ይወጋሉ፥ በቢላዋ ይቀደዳሉ።

ይህ የወረቀት ላይ ሒሳብ ብቻ አይደለም። በብሪታንያ ከ200,000 የሚበልጡ ሴቶች የተካፈሉበት ታላቅ ጥናት ሲ ኤ 125ን በየዓመቱ መለካት ከሞት ያድን እንደ ሆነ መረመረ። በ2021 ውጤቱ ሲገለጥ፥ ምርመራው አንዳንዱን ካንሰር ቀደም ብሎ ማግኘቱ ታወቀ፤ በእንቍላል ዕጢ ካንሰር የሚሞቱትን ሴቶች ቍጥር ግን ዝቅ አላደረገም። በአሜሪካም በመከላከያ ሕክምና ላይ መንግሥትን የሚያማክረው የሊቃውንት ጉባኤ በ2012 ጤነኛ ወንዶች ሁሉ ፒ ኤስ ኤ እንዲለኩ ማድረግን ተቃወመ። ምክንያቱም በዝግታ የሚያድግና ምናልባት ባለቤቱን የማይገድል ዕጢ እየተገኘ፥ ብዙ ሰዎች በቀዶ ሕክምናው ምክንያት ሽንታቸውን መቈጣጠር ተስኗቸው ስለ ተገኙ ነው። በ2018 ጉባኤው ሐሳቡን ጥቂት ለወጥ አድርጎ፥ ከ55 እስከ 69 ዓመት ያለ ሰው ከሐኪሙ ጋራ ተመካክሮ ራሱ ይወስን አለ።

ዶክተር ሊ ያመኑት ቍጥር

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያስ ልኬቱ ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። መልሱን አንድ እውነተኛ ታሪክ ይስጠን። በ1950ዎቹ ዓመታት ሚን ቺዩ ሊ የተባሉ በቻይና አገር የተወለዱ ሐኪም በአሜሪካ የካንሰር ተቋም ከዶክተር ሮይ ኸርትዝ ጋራ ይሠሩ ነበር። የሚያክሟቸውም ከእንግዴ ልጅ የሚነሣና ወጣት ሴቶችን ፈጥኖ የሚገድል ካንሰር የያዛቸውን ሕሙማን ነበር። ይህ ካንሰር ኤች ሲ ጂ የተባለውን የእርግዝና ሆርሞን ያመነጫል፤ ሆርሞኑም ፕሮቲን ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚለካው ግን በሽንት ነበር። ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኀኒት በተሰጣቸው ጊዜ የሕሙማኑ ዕጢ ጠፋ፤ ሁሉም ደስ አለው።

ዶክተር ሊ ግን ሆርሞኑ በጥቂቱም ቢሆን መኖሩን አይተው፥ «ዱካው ካለ በሽታውም አለ» በማለት መድኀኒቱን መስጠት ቀጠሉ። አለቆቻቸው ጤነኛ በሚመስል ሰው ላይ መርዝ ያፈሳሉ ብለው ከሥራ አሰናበቷቸው። በኋላ ግን ሆርሞኑ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ የታከሙት ሴቶች ድነው ሲኖሩ፥ ዕጢው በዐይን በማይታይበት ጊዜ ሕክምናው የቆመላቸው በሽታው እንዳገረሸባቸው ታወቀ። በ1972 ዶክተር ሊ ታላቁን የላስከር ሽልማት ከሌሎች ጋራ ተካፈሉ።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው። በሽታው አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ቍጥሩም ያንኑ ሰው ከትናንት እስከ ዛሬ ይከተለው ነበር። ለሺሕ ጤነኞች አደናጋሪ የሆነው ልኬት ለአንድ ታካሚ የታመነ መሪ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው።

የአዲሶቹ መሣሪያዎች ትልቅ ጥቅምም ከዚሁ ይጀምራል። በ2010 በአሜሪካ ዴቪድ ዎልትና ባልደረቦቻቸው ፕሮቲንን አንድ በአንድ የሚቈጥር ዘዴ አወጡ። በፀረ አካል የተለበሱ ጥቃቅን ዶቃዎች ፕሮቲኑን ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ ዶቃ ለብቻው በአንዲት ጕድጓድ ይገባል፤ ፕሮቲን የያዘው ብርሃን ሲሰጥ፥ ብርሃን ያለባቸው ጕድጓዶች ይቈጠራሉ። በዚህም ፕሮስቴታቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው ሰዎች ደም ውስጥ በሚሊ ሊትር 14 ፌምቶግራም የሚያህል ፒ ኤስ ኤ ተለካ። ይህ ከላይ ከጠቀስነው ከ4 ናኖግራም ከሁለት መቶ ሺሕ ጊዜ በላይ ያንሳል። በስዊድን፥ በኡፕሳላ ከተማ የተፈለሰፈው ሌላ ዘዴ ደግሞ ከጣት ከምትወጣ አንዲት ጠብታ ብዙ ጊዜ በምታንስ በአንድ ማይክሮ ሊትር የደም ፈሳሽ 92 ፕሮቲኖችን ባንድ ጊዜ ይለካል።

ይሁን እንጂ ጥበቡ ባለበት አታላይም አይጠፋም። በ2003 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው ቴራኖስ የተባለ ኩባንያ ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ጠብታ እጅግ ብዙ ምርመራ አደርጋለሁ እያለ የባለጠጎችን ገንዘብ ሰበሰበ። መሣሪያው ግን የተባለውን አይሠራም ነበር። ከጣት የሚጨመቅ ደም ከሥጋ ውሃ ጋራ ስለሚቀላቀል፥ አንዷ ጠብታ ከሌላዋ ጋራ እኩል አትመሰክርም። ኩባንያው በ2018 ተዘጋ፤ መሥራቿ ኤልዛቤት ሆምስም በ2022 ገንዘብ ያዋሉትን ሰዎች በማታለል ተፈረደባት።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ነገ በላቦራቶሪ የሚሠራ፥ የሆስፒታል በጀት የሚፈርም፥ ወይም የእናቱን የምርመራ ወረቀት በእጁ ይዞ የሚቆም አይጠፋም። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ሁለቱንም በጤነኛ ሴት ላይ ቀድሞ ለማግኘት የሚያገለግል የታመነ የደም ፕሮቲን ምርመራ እስካሁን የለም። ጡት በሐኪም እጅና በራጅ ይመረመራል፤ የማኅፀን በር በዐይን በማየት ወይም ቫይረሱን በመፈለግ ይመረመራል። ስለዚህ «ደሜ ንጹሕ ነው ተብያለሁ» ብላ ከነዚህ ምርመራዎች የምትቀር እኅት ራሷን ትጐዳለች።

ወረቀቱ የደረሰውም ሰው ሳይደነግጥና ሳይዘናጋ ሐኪሙን ይጠይቅ፦ ይህ ቍጥር ከካንሰር ሌላ በምን ይጨምራል? ካለፈው ልኬት ጋራ ሲተያይ ወዴት እየሄደ ነው? ቀጥሎ በምን ይረጋገጣል? መሣሪያ እንዲገዛ የሚፈርመውም ሹም እንዲሁ ይጠይቅ፦ ቍጥሩ ከፍ ብሎ የተገኘውን ሰው ሥጋውን በማይክሮስኮፕ የሚያይለት ማን ነው? የሚያክመውስ የት ነው? እነዚህ መልስ ያላገኙ እንደ ሆነ፥ መሣሪያው በጐ ነገር ከማድረግ ይልቅ ጭንቀት ያበዛል።

ያሎውና በርሰን በዕቃ ማስቀመጫ ክፍል የጀመሩት ሥራ ዐሥር ሚሊዮን ውስጥ አንዱን እንድናይ አስችሎናል። ያየነውን በትክክል መተርጐም ግን ገና ብዙ ተማሪ የሚፈልግ ሥራ ነው።