አዲስ ሞላ ለምን ይሰንፋል?

እንጦጦን አቋርጦ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው ዳገት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ የሚሠራን ሞተር እንመልከት። የአራት ምት ሞተር በደቂቃ 4000 ዙር ሲሽከረከር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 33 ጊዜ ያህል ይከፈታል። መልሶ የሚዘጋው ሞላ ነው።

ሞተር ሲታደስ የቫልቩ መቀመጫ ይሞረዳል። ቫልቩ በቴስታታው ውስጥ ጠልቆ ስለሚቀመጥ ዘንጉ በላይ በኩል ከፍ ይላል፤ ሞላውም ይላላል። ሮበርት ሁክ በ1678 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሕግ መሠረት የሞላ ኃይል ከታመቀበት ርዝመት ጋር ይመጣጠናል። በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 30 ኒውተን የሚጨምር ሞላ በ1 ሚሊ ሜትር ቢላላ፣ አዲስም ቢሆን 30 ኒውተን ያጣል። ያን ጊዜ ቫልቩ በወቅቱ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ጉልበት ይቀንሳል፤ በአንዳንድ ሞተሮችም ፒስተኑ ቫልቩን ሊመታው ይችላል።

ስለዚህ በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም ሞተር የምናሳድስ ሁሉ ሞላ መቀየር ብቻውን እንደማይበቃ እንወቅ። ሞላው የሚገጠምበት ቁመት ይለካ፤ ትርፉም ከሥሩ በሚደረግ ቀጭን የብረት ቀለበት ይካካስ።