የጨቅላ ሕፃናት የመተንፈስ ችግርና የቦታ ከፍታ፦ ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ

መግቢያ

ኩልፎ ወንዝ ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ አርባ ምንጭን አቋርጦ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይወርዳል። ከደጋው ለሕክምና የሚላኩ ታማሚዎችም በአብዛኛው ይህንኑ አቅጣጫ ይከተላሉ። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ከምትገኘው ጨንቻ ወደ 1,285 ሜትር ላይ እስካለችው አርባ ምንጭ ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ አጭር ቢሆንም በሁለቱ ጫፎች ያለው የአየር ግፊት እጅግ ይለያያል። መተንፈስ ያዳገተው ጨቅላ ሕፃን በዚህ መንገድ ሲወርድ ሳንባው ሳይለወጥ በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን ሊለወጥ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለውጥ በሕክምና ውሳኔና በጥናት ውጤት ላይ ያለውን ትርጉም ማብራራት ነው።

ጉዳዩ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ይመለከታል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2016 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 29ኙ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ሞተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛ ዳሰሳ ደግሞ 33 መሆኑን አሳይቷል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞት በቀነሰበት ዘመን የጨቅላዎቹ ሞት በዚያው ልክ አልቀነሰም።

አንድ ምልክት፣ ብዙ በሽታ

የመተንፈስ ችግር የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን የምልክቶች ስብስብ ነው። ጨቅላው በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ ይተነፍሳል፤ የአፍንጫው ቀዳዳዎች ይሰፋሉ፤ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፤ አየር ሲያስወጣ ያቃስታል፤ ሲብስበትም ከንፈሩና ምላሱ ይጠቁራሉ። ከእነዚህ ምልክቶች በስተጀርባ ግን የተለያዩ በሽታዎች ይኖራሉ። ያለጊዜው በተወለደ ሕፃን ላይ ዋናው ምክንያት የሳንባ አለመብሰል ነው። ጊዜውን ጨርሶ በተለይም ምጥ ሳይጀምር በቀዶ ሕክምና በተወለደ ሕፃን ላይ ደግሞ በሳንባ ውስጥ የቀረ ፈሳሽ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፤ ይህ በአብዛኛው በሦስት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። የሳንባ ምች፣ የደም ኢንፌክሽን፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ በማሕፀን ውስጥ የወጣ ዐይነ ምድር ወደ ሳንባ መግባትና ከልደት የሚጀምር የልብ ሕመምም በዚሁ መልክ ይቀርባሉ።

የሳንባ አለመብሰል የሚባለው ሰርፋክታንት የተባለው ቅባታማ ንጥረ ነገር ማነስ ነው። ይህ ንጥረ ነገር የሳንባን ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የሸፈነውን ስስ ፈሳሽ የመሳሳብ ኃይል ይቀንሳል። ሲያንስ ከረጢቶቹ ሕፃኑ አየር ባስወጣ ቁጥር ይጨመደዳሉ፤ ሕፃኑም በእያንዳንዱ ትንፋሽ እንደገና ሊከፍታቸው ይታገላል። ማቃሰቱ ራሱ የመከላከያ ዘዴ ነው፤ ጉሮሮውን በከፊል ዘግቶ ጥቂት አየር በሳንባው ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል።

በኢትዮጵያ የዚህን በሽታ ክብደት በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ በሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች የተካሄደው ጥናት ነው። ጥናቱ ያለጊዜያቸው የተወለዱ 4,919 ሕፃናትን መዝግቦ ተከታትሏል። ወደ ጽኑ ሕክምና ክፍል ከገቡት 3,852 መካከል 1,109ኙ እስከ 28ኛው ቀን ሞተዋል። ከሟቾቹ የ502ቱ ወይም የ45 በመቶው ዋና የሞት ምክንያት የሳንባ አለመብሰል ሲሆን፣ ኢንፌክሽን 30 በመቶውን፣ መታፈን 14 በመቶውን ይይዛል። የሰውነት ሙቀት መቀነስ ደግሞ በ69 በመቶው ሞት ላይ አባባሽ ሆኖ ተገኝቷል። ከ28 ሳምንት በፊት ከተወለዱት 86 በመቶው ሲሞቱ፣ ከ28 እስከ 31 ሳምንት 54 በመቶ፣ ከ32 እስከ 34 ሳምንት 18 በመቶ፣ ከ35 እስከ 36 ሳምንት ደግሞ 8 በመቶ ሞተዋል። ስለዚህ የእርግዝናው ዕድሜ ያልታወቀ ሕፃን ምልክት ምን እንደሚያመለክት በትክክል መናገር ያስቸግራል።

ሕክምናው የተገነባበት መንገድ

የሰርፋክታንት ማነስ የበሽታው መንሥኤ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳዩት ሜሪ ኤለን አቨሪና ጂር ሚድ ናቸው። ዕውቀቱ ወደ ሕክምና እስኪለወጥ ግን ጊዜ ወስዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኤፍ. ኬኔዲ ልጅ በዚሁ በሽታ ሁለት ቀን ሳይሞላው ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቹ ያልተቋረጠ የአየር ግፊት በመስጠት ከ20 ሕፃናት 16ቱን አተረፉ፤ ሲፓፕ የሚባለው ዘዴ መነሻው ይህ ነው። በዓመቱ ሊጊንስና ሃዊ ያለጊዜዋ ልትወልድ ለደረሰች እናት የሚሰጥ ስቴሮይድ የፅንሱን ሳንባ እንደሚያበስል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ጃፓናዊው ፉጂዋራ ሰርፋክታንትን በቀጥታ ወደ ሳንባ በመስጠት የአሥር ሕፃናትን ውጤት አቀረበ።

ከእነዚህ መካከል ለወረዳ ሆስፒታል የሚቀርበው ባብል ሲፓፕ ነው። ሕፃኑ አየር የሚያስወጣበት ቱቦ ጫፍ በውሃ ውስጥ ይጠልቃል፤ ግፊቱን የሚወስነው የጥልቀቱ ሴንቲ ሜትር ነው። ግፊቱ የሚለካው ከአካባቢው አየር ግፊት አንጻር ስለሆነ አምስት ሴንቲ ሜትር በጨንቻም በአርባ ምንጭም ያው አምስት ነው።

ስቴሮይድን በሚመለከት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና በስድስት አገሮች የተካሄደ ሰፊ ጥናት ስቴሮይድን ማስፋፋት የትንንሾቹን ሕፃናት ሞት እንዳልቀነሰ፣ በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድም የጨቅላዎች ሞት እንደ ጨመረ አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ደግሞ በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ሆስፒታሎች 2,852 እናቶችን አካትቶ፣ የጨቅላዎች ሞት ከ23.5 በመቶ ወደ 19.6 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳየ። በኋለኛው ጥናት የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ ተረጋግጦ ነበር፤ ሆስፒታሎቹም ለጨቅላዎቹ ተገቢውን እንክብካቤ መስጠት የሚችሉ ነበሩ። መድኃኒቱ ጥቅም የሚሰጠው ዕድሜውና እንክብካቤው ሲሟሉ መሆኑን ሁለቱ ጥናቶች በአንድነት ያስተምራሉ።

ከፍታው የሚጨምረው ጥያቄ

በየትኛውም ከፍታ አየር 21 በመቶ ኦክስጅን ይዟል፤ ከፍ ሲባል የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት፣ በመተንፈሻ ቱቦ ውስጥ ያለው የውሃ ተን ከተቀነሰ በኋላ፣ የሚተነፈሰው ኦክስጅን ግፊት በባሕር ወለል ወደ 150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። በአርባ ምንጭ ወደ 127፣ በጨንቻ ወደ 105 ይወርዳል። ጨንቻ ላይ 30 በመቶ ኦክስጅን የሚሰጠው ሕፃን በባሕር ወለል ተራ አየር ከሚተነፍስ ሕፃን ጋር እኩል የሆነ የኦክስጅን ግፊት ያገኛል ማለት ነው። በአርባ ምንጭ ለዚሁ ግፊት 25 በመቶ ይበቃል።

ይህ ልዩነት ተግባራዊ ትርጉም አለው። የአውሮፓ የሕክምና መመሪያ ሲፓፕ ላይ ያለ ሕፃን ከ30 በመቶ በላይ ኦክስጅን ሲያስፈልገው ሰርፋክታንት እንዲሰጠው ይመክራል። ይህ ወሰን በጨንቻ እንዳለ ቢወሰድ ሳንባው በመጠኑ ብቻ የተጎዳ ሕፃን ጽኑ ሕመምተኛ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። የሁለት ሆስፒታሎች ሕፃናት በሚያስፈልጋቸው የኦክስጅን መቶኛ ብቻ ቢነጻጸሩም የደጋዎቹ ከእውነታው በላይ ታመው ይታያሉ።

የደም ኦክስጅን ሙሌት ከዚህ የተለየ ነው፤ በደም ውስጥ ያለውን ስለሚለካ ሕክምና ላይ ላለ ሕፃን የሚቀመጠው ግብ በከፍታ ምክንያት በቀላሉ የሚለወጥ አይደለም። ግቡን መሳት በሁለቱም በኩል ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ሰፖርት የተባለው የአሜሪካ ጥናት ሙሌታቸው ከ85 እስከ 89 በመቶ እንዲሆን የተደረጉትንና ከ91 እስከ 95 በመቶ እንዲሆን የተደረጉትን ሕፃናት አነጻጽሯል። በዝቅተኛው ወገን ሞት 19.9 በመቶ ሲሆን በከፍተኛው 16.2 በመቶ ነበር። ከተረፉት መካከል ለዓይነ ስውርነት የሚዳርገው ከባድ የሬቲና ጉዳት ግን በዝቅተኛው 8.6፣ በከፍተኛው 17.9 በመቶ ደርሷል።

በአካባቢው ከፍታ የሚለወጠው ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን የሚጠበቀው የጤነኛ ሕፃን ሙሌት ነው። ይህን መመዘኛ ከሌላ አገር ተራራማ ሕዝብ መዋስም አያስተማምንም። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አማካይ ሙሌት 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሂሞግሎቢናቸውም መጠን ከባሕር ወለል ነዋሪዎች የተለየ አልነበረም። ይህ በአንዲስና በቲቤት ከታዩት የሰውነት መላመዶች ሁሉ የተለየ ነው። ጥናቱ ጨቅላዎችን የተመለከተ አልነበረም፤ የጋሞን ሕዝብም አይወክልም። የአገር ውስጥ መመዘኛ አስፈላጊነትን ግን ያጠናክራል።

ለጥናት የሚከተለው

ከጨንቻ በቅብብሎሽ አርባ ምንጭ የደረሰ ሕፃን ሙሌቱ ተሻሽሎ ቢገኝ መሻሻሉ የሕክምናው፣ የሕመሙ ሂደት ወይም የመውረዱ ውጤት ሊሆን ይችላል። ሳንባው የታመመ ሕፃን ሂሞግሎቢን ኦክስጅንን በሚይዝበት መስመር ቁልቁለታማ ክፍል ላይ ስለሚገኝ ትንሽ የግፊት ጭማሪ ሙሌቱን በጉልህ ከፍ ያደርገዋል። በጤነኛው ላይ የሚታየው ልዩነት ግን ጥቂት ነው። ሌላው አሳሳች ነገር የናሙናው አመራረጥ ነው፤ በደጋው ወይም በመንገድ የሞተ ሕፃን በቆላው ሆስፒታል መዝገብ ላይ አይገኝም። መዝገቡን ብቻ የተመለከተ ተመራማሪ ከደጋው የሚመጡት የተሻለ ዕድል እንዳላቸው ሊደመድም ይችላል።

እነዚህን ስሕተቶች ለመቀነስ የሚያስፈልገው መረጃ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የመጀመሪያው የእርግዝናው ዕድሜና የታወቀበት ዘዴ ነው፤ ዕድሜው በቅድመ ወሊድ አልትራሳውንድ፣ በመጨረሻው የወር አበባ ቀን ወይም በባላርድ መለኪያ የተገኘ መሆኑ መለየት አለበት። ሁለተኛው የትውልድ ቦታውና የልኬቱ ቦታ ከፍታ ነው። ሦስተኛው ሙሌት በተመዘገበ ቁጥር የሚሰጠው የኦክስጅን መቶኛና ሰዓቱ አብረው መጻፋቸው ነው። አራተኛው እ.ኤ.አ. በ1956 የተዘጋጀው የሲልቨርማንና አንደርሰን ነጥብ ነው፤ የደረትንና የሆድን እንቅስቃሴ፣ የአፍንጫን መስፋትና ማቃሰትን ብቻ ስለሚመዝን የኦክስጅን ልኬት በከፍታ ቢለወጥም የመተንፈስ ድካሙን ለብቻው ለማየት ያስችላል።

አምስተኛው የሰውነት ሙቀት ነው። የጋሞ ደጋ ብርድ ነው፤ የበረደው ጨቅላ ደግሞ ብዙ ኦክስጅን ይፈጃል፤ የሰርፋክታንቱም ሥራ ይዳከማል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመውና በአምስት አገሮች 3,211 ሕፃናትን ያካተተው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት፣ ሕፃናቱ ከተወለዱ በኋላ ወዲያውኑ በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ መታቀፋቸው የ28 ቀን ሞትን ከ15.7 ወደ 12.0 በመቶ እንዳወረደ አሳይቷል። ይህ በደጋው ጤና ጣቢያም ሊሠራ የሚችል ነው።

ማጠቃለያ

የጨቅላ ሕፃን የመተንፈስ ልኬት ያለ እርግዝናው ዕድሜና ያለ ቦታው ከፍታ ሙሉ ትርጉም አይሰጥም። ጋሞ ዞን የ1,400 ሜትር የከፍታ ልዩነትን በአንድ የቅብብሎሽ መስመር ላይ ያገናኘ አካባቢ በመሆኑ፣ ብዙ አገሮች በቀላሉ ሊመልሱት የማይችሉትን ጥያቄ ለማጥናት ይመቻል። ቀዳሚው ሥራ በጨንቻና በአርባ ምንጭ የተወለዱ ጤነኛ ሕፃናትን ሙሌት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በተመሳሳይ ዘዴ መለካት ነው። ያ መመዘኛ ሲገኝ በደጋው ያለ አዋላጅ የትኛው ሕፃን በእናቱ ደረት ላይ ሊቆይ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ ሳይዘገይ ሲፓፕ ላይ ሆኖ መላክ እንዳለበት በተሻለ መረጃ ትወስናለች።