ኡሉሩ፤ ባለቤቱ የተከበረበት ዓለት

በአውስትራልያ እምብርት፥ አሊስ ስፕሪንግስ ከምትባለው ከተማ 450 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ የሚደረስበት ቀይ ምድረ በዳ አለ። በዚያ ሜዳ መካከል፥ ከፍታው 348 ሜትር፥ ዙሪያው 9 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ አንድ ዓለት ቆሟል። ስሙም ኡሉሩ ይባላል። አገር ጎብኚዎች ወደዚያ የሚጓዙት ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ የዓለቱ መልክ ሲለዋወጥ ለማየት ነው። ለነጋዴ ግን ከመልኩ ይልቅ የአስተዳደሩ ታሪክ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል።

አናንጉ ለተባሉት ለአገሩ ነባር ሕዝብ ኡሉሩ የአባቶቻቸው ሕግና የፍጥረት ታሪክ የታተመበት ቅዱስ ስፍራ ነው። ሆኖም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ዊሊያም ጎስ የተባለ መሬት ቀያሽ በአንድ ሹም ስም ኤርስ ሮክ ብሎ ሰየመው። ከዚያም በኋላ በዓለቱ ሥር ሆቴሎች ተሠሩ፤ ጎብኚም በጀርባው ላይ ይወጣ ጀመር። ሆቴሎቹ በ1980ዎቹ ከፓርኩ ውጭ ወደምትገኘው ወደ ዩላራ ተዛወሩ።

በኦክቶበር 26 ቀን 1985 ርስቱ ለአናንጉዎች ተመለሰ። እነርሱም ወዲያው ለ99 ዓመት ለመንግሥት የብሔራዊ ፓርክ መሥሪያ ቤት አከራዩት። በፓርኩ ቦርድ ውስጥ ከ12 አባላት 8ቱን የሚመርጡት እነርሱ ናቸው፤ ከመግቢያ ዋጋውም 25 በመቶው የእነርሱ ድርሻ ነው።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን ዓለቱን መውጣት ነበር። ባለቤቶቹ እንግዶች እንዳይወጡ ለብዙ ዘመን ለምነዋል፤ በዳገቱም ላይ ቢያንስ 37 ሰዎች ሞተዋል። መውጣት ቢከለከል እንግዳ ይቀራል፥ ገበያም ይጠፋል ብለው የሠጉ አልጠፉም። ስለዚህ የሚወጡት ከጎብኚው ከመቶ 20 በታች ሲሆኑ እንዲዘጋ በፓርኩ ደንብ ተጻፈ። ቁጥሩም እንደተባለው ስላነሰ ቦርዱ በ2017 ወሰነ፤ ርስቱ በተመለሰ በ34ኛው ዓመት፥ በዚያው ዕለት፥ በ2019 መውጫው ተዘጋ።

ዛሬ ጎብኚው 10 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በሚሆነው መንገድ ዓለቱን በእግሩ ይዞራል። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ በማለዳ መነሣትና ብዙ ውሃ መያዝ ያስፈልጋል። የዋሻ ሥዕሎችን ያያል፤ ምልክት በተተከለባቸው ቅዱሳት ስፍራዎች ግን ፎቶግራፍ አያነሣም። ማሩኩ ከተባለው የአናንጉዎች የዕደ ጥበብ ማኅበርም በጋለ ሽቦ ያጌጠ የእንጨት ሥራ ይገዛል። ቀድሞ ጠጠር ሰርቀው የሄዱ እንኳ ተጸጽተው ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር በፖስታ የሚመልሱ አሉ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው። ኡሉሩን ለዓለም የከፈተው ንግድ መጀመሪያ አጥሩን ነቀነቀ፤ ኋላ ግን ባለቤቱን ቢያከብር፥ ስፍራውም ክብሩን፥ ነጋዴውም ሥራውን ይዞ መኖር እንደሚችል አሳየ።